ጤዛው እስኪረግፍ

ጥቅምት 6 ቀን

እታለሜ፣

በዚህ ሰፈር ከእኔ ቀድሞ በገዛ እጁ ደብዳቤ የጻፈ ሰው የለም። ማለቴ፣ ጸጉር አስተካካያችን ይጽፋል። የጎልፍ ሜዳው ትኬት ሻጭም ትጽፋለች፤ የማታ ትምህርት መምህራችንን ካነሳሽማ ሥራዋ ነው። ግን በአርባ ስምንት ዓመቱ ፊደል ጀምሮ፣ አንድም ቀን ሳይቀር ተምሮ፣ በሰባት ወር እዚህ የደረሰ ካለ አምጪልኝ። እሺ፣ አራት ቀን ቀርቻለሁ። አንዱን ቀን ዝናብ ይዞኝ ነው፤ ሦስቱን ቀን ደግሞ «ሀ»ን፣ «ሐ»ን እና «ኀ»ን የፈጠረውን ሰው ተቀይሜ ነው።

ወገብሽ እንዴት ሆነ? የሆስፒታሉ አንሶላ ዛሬም አላልቅ ብሎሽ ይሆን? እኔ እንደምታውቂኝ ነኝ። ጉልበቴ ትንሽ ይንቋቋል እንጂ አፌ ደህና ነው።

«ጽሑፉ እንደ ድሮው አይደለም፣ የማነው?» ላልሽው፣ የድሮው የጸጉር አስተካካዩ ነበር። እኔ እናገራለሁ፣ እሱ ይጽፋል። በየደብዳቤው መጨረሻ «ጸጉር አስተካካዩ እጅግ የተከበረ ሰው ነው» የሚል የምታገኚው ለዚህ ነው። እኔ አንድም ቀን እንዲህ ብዬ አላውቅም። ሳይላክ የቀረ አንድ ደብዳቤ ይዤ ሄጄ መምህሯ ስታስነብበኝ ነው የደረስኩበት።

ለስፌት ክፍል ጓደኞችሽ «ወንድሜ ሣር ያጭዳል» ብትያቸው ይበቃ እንደሆነ ጠይቀሽኛል። አይበቃም። ሣር ማጨድ የማንም ሥራ ነው። እኔ ጤዛ አራጋፊ ነኝ። ጎልፍ ሜዳው ዐሥራ ስምንት ጉድጓድ አለው። በየጉድጓዱ ዙሪያ እንደ ምንጣፍ የተላጨ ሣር አለ፤ ግሪን ይሉታል። ጤዛ ያድርበታል። ጤዛው ካልረገፈ ኳሱ እየተጎተተ ይቆማል፣ ሣሩም ይታመማል። ስለዚህ ከቁመቴ ሦስት እጥፍ የሚሆን ተለማጭ ዘንግ ይዤ፣ ግራና ቀኝ እያወናጨፍኩ፣ ከአንደኛው እስከ ዐሥራ ስምንተኛው አራግፋለሁ። ዘንጉ ያለፈበት ይጠቁራል፣ ያላለፈበት እንደ ብር ያበራል። ከኮረብታው ላይ ሆነሽ ብታዪው ጽሑፍ ይመስልሻል። መምህሯ «አንተማ መጻፍ የጀመርከው ከትምህርት ቤት በፊት ነው» ብላኛለች። እሷ አይደለችም፣ እኔ ነኝ ያልኩት። እሷ ግን አልተቃወመችም።

ዋናው ነገር ይሄ ነው። የሰፈሩ ሰው በነዋሪ ዋጋ የሚጫወተው ጤዛው እስኪረግፍ ነው። ከዚያ በኋላ ሜዳው የእንግዶች ነው። የነዋሪ ዋጋ ማለት የአንድ ጢም መላጫ ያህል ነው፤ የእንግዳውን ዋጋ ግን ጸጉር አስተካካዩ ቀኑን ሙሉ ቢላጭ አይሞላውም። እኔ ዘንጌን ይዤ አንድ ግሪን ላይ ስደርስ ሰፈርተኛው የኳስ መምቻ ዱላውን ሰብስቦ ይወርዳል። ማንም አይከራከረኝም። ፖሊስ እንኳ እንዲህ አይከበርም። ባለፈው ሳምንት ጸጉር አስተካካዩ ከእኔ እየሸሸ ስምንት ጉድጓድ ጨረሰ። ከዚያ በፊት ስድስት ያለፈ ሰው የለም። ስምንተኛው ላይ ስደርስበት በላብ ተነክሮ «እንኳን ደህና መጣህ፣ የኔ ፀሐይ» አለኝ።

አዲስ ሥራ አስኪያጅ ተሾሞልናል። ወጣት ነው፣ ጫማው ንጹሕ ነው። ወረቀቴ አለቀ።

ታናሽ ወንድምሽ


ጥቅምት 17 ቀን

አንተ ቀልማዳ፣

ደብዳቤህ ደረሰኝ። ፊደሎችህ አንዱ ቆሞ አንዱ ተኝቶ የአውቶቡስ ተሳፋሪ ይመስላሉ፤ ግን ሁሉም ደርሰዋል። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። አንዱን ጊዜ አለቀስኩ። የትኛውን እንደሆነ አልነግርህም፣ ትኮራለህ።

የስፌት ክፍሉ ሴቶች ሰላም ብለውሃል። አንዷ «ጤዛ አራጋፊ ነው» ስላት «ደመወዝ ይከፈለዋል?» ብላ ጠየቀችኝ። ምን ልበላት?

አሁን ነገሬን ስማ። ስለ ዘንግህ ገጽ ሙሉ ጻፍክ፤ ስለ ሥራ አስኪያጁ አንድ መስመር። ልጅ ሆነህ ብርጭቆ የሰበርክ ዕለት ስለ ድመቷ ነበር የምታወራው። ምን ደብቀኸኛል? ደግሞ ይሄ የጤዛ ደንብ ከየት መጣ? ሜዳው ሲሠራ የዐሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ አንተ ገና በአራት እግርህ ትሄድ ነበር። እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ አላውቅም።

አጭር ስትጽፍ ትዋሻለህ፣ ረጅም ስትጽፍም ትዋሻለህ። መካከለኛ አድርገው።

እህትህ


ጥቅምት 29 ቀን

እታለሜ፣

መካከለኛ አድርጌዋለሁ። «ደመወዝ ይከፈለዋል?» ላለችው ሴትዮ፣ ይከፈለኛል በያት፤ ከጤዛው ትንሽ ወፈር ይላል።

ይቅር በይኝ፣ ደብቄሽ ነበር። ሥራ አስኪያጁ በመጣ በሦስተኛው ቀን አስጠራኝ።

«ጤዛውን የምታራግፈው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ፣ ጌታዬ። ሃያ ሁለት ዓመቴ።»

«በስንት ሰዓት ነው የምትጀምረው?»

«አንድ ሰዓት ተኩል።»

«ከነገ ጀምሮ ከንጋቱ አሥር ተኩል» አለኝና ግንባር ላይ የሚታሰር ባትሪ ሰጠኝ።

ሙያዬ የገባው ሰው አገኘሁ ብዬ ደስ አለኝ። ባትሪውን አስሬ ማታ ትምህርት ቤት ሄድኩ፤ መምህሯ «ዓይኔን አታጥፋው» እስክትለኝ ድረስ። ግን አንድ ነገር ቆረቆረኝ፤ ለዚህ ነው ያኔ ያልጻፍኩልሽ። የቆረቆረኝም ነገር በማግስቱ በር ላይ ቆሞ አገኘሁት። ለሰፈርተኛው በሩ የሚከፈተው አሥራ ሁለት ሰዓት ነው። በአሥራ ሁለት ሰዓት ጸጉር አስተካካዩ ዱላዎቹን ተሸክሞ መጣ። ሜዳው ከዳር እስከ ዳር ጠቁሯል። ጤዛ የለም። ጤዛ ከሌለ የነዋሪ ዋጋ የለም። ሜዳውን አየ፣ ባትሪዬን አየ፣ «ምነው፣ ላስከው እንዴ?» አለኝና ተመለሰ።

ከዚያ ወዲህ በወጉ አላናገረኝም። ጢሜን ልላጭ ብሄድ በሰው ፊት «ጤዛው ረግፏል፣ የእንግዳ ዋጋ ነው» አለኝ። ቤቱ ሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። መንገድ ላይ ግን አልሳቅሁም። አሁን ጢሜ አንገቴን ሊሸፍን ነው፤ ሳልወድ የተከበርኩ ሽማግሌ መስያለሁ።

ሌላም አለ። ይህን በጆሮዬ ያንሾካሾከችልኝ ትኬት ሻጯ ናት። ኅዳር 30 ቀን ሰፈሩም እንግዶቹም የሚጠሩበት ስብሰባ አለ። ሥራ አስኪያጁ የትኬት መዝገቡን ገልጦ «ባለፈው ወር በነዋሪ ዋጋ የገባ አንድ ሰው የለም፤ የማትጠቀሙበትን ለምን እናቆየዋለን?» ይላል። ከዚያ ዋጋው አንድ ይሆናል፤ የእንግዳው። የሰፈሩ ሰው ያንን ሣር ከአጥር ውጭ ሆኖ ያየዋል፣ አለቀ። ይህን ሁሉ ደግሞ የሚያደርገው በእኔ ዘንግ ነው። እምቢ እንዳልል ሌላ ሰው ዘንጉን ይይዛል፤ እኔ ሥራዬን አጣለሁ፣ ጤዛውም መርገፉን አይተውም።

ደንቡ ከየት መጣ ላልሽው፣ ከወረቀቱ ነዋ። ሰፈሩ መሬቱን ሲሰጥ የተፈረመ ውል አለ፤ ሰባት ሽማግሌዎች ጣታቸውን ያኖሩበት፣ አባባም ያለበት። በመስታወት ተደርጎ ቢሮው ውስጥ ተሰቅሏል። ምን እንደሚል ሰው ሁሉ ያውቃል።

ወንድምሽ፣ ጢማሙ


ኅዳር 15 ቀን

እታለሜ፣

ቆመሽ ከሆነ ቁጭ በይ። መርፌም በእጅሽ ካለ አስቀምጪው።

«አባባ የዚያን ቀን ጣቱ በቀለም ጠቁሮ ሲመጣ፣ ልጆቼ በፈለጋቸው ጊዜ ይገቡበታል ነበር ያለው፤ ስለ ጤዛ አልተነፈሰም፤ አሁን ዓይን አለህ፣ ሂድና ራስህ አንብበው» ብለሽ የጻፍሽልኝ ደብዳቤ ደረሰኝ። አነበብኩት። መጨረሻውን ቀድሜ ልነግርሽ እጄ እየበላኝ ነው፤ ግን እንዴት እንዳነበብኩት ካልሰማሽ ጀግንነቴ ይባክናል።

ወረቀቱ የተሰቀለው በትኬት መስኮቱ ውስጥ፣ የሠራተኛ መፈረሚያው መዝገብ በላይ ነው። ሰፈርተኛ እዚያ አይገባም። እኛ ሠራተኞች ጠዋት ጠዋት እንፈርምና እንወጣለን። ድሮ ጣቴን ቀለም ነክሬ ተጭኜ እሄድ ነበር፤ አሁን ግን ስም ጸሐፊ ስለሆንኩ መዘግየት መብቴ ነው። በአንድ ፊርማ አንድ መስመር አነብባለሁ። ወረቀቱ ዘጠኝ መስመር ነው። ዘጠኝ ጠዋት ፈጀብኝ።

በአራተኛው ቀን ትኬት ሻጯ «ስምህ ረዘመ እንዴ?» አለችኝ።

«ማዕረግ ጨምሬበት ነው።»

በስድስተኛው ቀን ዓይኔን ተከትላ አየችና «እሱን ነው የምታነበው?» አለች።

«አንቺስ አንብበሽው ታውቂያለሽ?»

«ዐሥራ አንድ ዓመት ጀርባዬን ሰጥቼው ነው የተቀመጥኩት። ምን እንደሚል ሰው ሁሉ ያውቃል» አለች። ከዚያ ወንበሯን አዞረች። እሷ ዘጠኙንም መስመር በአንድ ትንፋሽ ጨረሰችው፤ የእኔን ቀሪ ሦስት ቀን ሰረቀችኝ ማለት ነው። አፏን በእጇ ያዘች። «እንዳትነግሪኝ፣ ራሴ ነኝ የምደርስበት» አልኳት።

ደረስኩበት። እንዲህ ይላል፣ ፊደል በፊደል ነው የገለበጥኩልሽ፦ «የሰፈሩ ነዋሪዎችና ልጆቻቸው፣ ሜዳው ክፍት በሆነበት በማናቸውም ቀንና ሰዓት፣ ከእንግዳው ዋጋ ከዐሥር አንድ በማይበልጥ ዋጋ ይጫወታሉ። ሁለቱ ወገኖች ተሰብስበው ካልተስማሙ በቀር ይህን ውል አንዱ ወገን ብቻውን አይለውጠውም።»

ጤዛ የለም። ከላይ ወደ ታች ፈለግሁ፣ ከታች ወደ ላይ ፈለግሁ። ጤዛ የሚባል ነገር አልረገፈበትም።

ታዲያ ከየት መጣ? ጡረታ የወጣው የመጀመሪያው የሣር ፎርማን ቤት ሄድኩ። አንድ ጥርስ ቀርቶታል፤ በእሱም ሳቀብኝ። «እኔ ነኝ ያልኩት» አለ። «አንድ ቀን የእንግዶች ውድድር ነበር። ለዛሬ ጤዛው እስኪረግፍ ተጫወቱ፣ ከዚያ ልቀቁላቸው አልኩ። ለዛሬ ነው ያልኩት። በማግስቱም ጤዛው ሲረግፍ ራሳችሁ ወጣችሁ። በሦስተኛውም ቀን ወጣችሁ። የወጣን ሰው እንዴት ተመለስ እላለሁ? ጨዋዎች ናችሁ ብዬ ዝም አልኩ።»

ይኸውልሽ፣ እታለሜ። ለአንድ ቀን የተባለውን ዕድሜ ልካችንን ታዘዝነው። አንድ ሰው ዞር ብሎ «ለምን?» አላለም። እኔማ ሃያ ሁለት ዓመት ጤዛ አራገፍኩ ስል ጎረቤቶቼን ሳራግፍ ኖሬያለሁ። ግን አላዘንኩም። ማዘን ነበረብኝ፣ ጊዜ አጣሁ። ከወረቀቱ ጋር እየዘለልኩ ነው። ዛሬ ጠዋት ስድስተኛው ግሪን ላይ ብቻዬን «በማናቸውም ቀንና ሰዓት» እያልኩ ሳወናጭፍ ዘንጌ ሊሰበር ነበር።

ስብሰባው ዐሥራ አምስት ቀን ቀርቶታል። ምከሪኝ።

ወንድምሽ፣ አንባቢው


ኅዳር 22 ቀን

ወንድምዬ፣

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ለጡረታ ስንት ዓመት እንደቀረህ ረሳኸው? ሥራ አስኪያጁ ሰው ፊት ካሳጣኸው በማግስቱ ዘንግህን ይቀማሃል። ወረቀቱን ጸጉር አስተካካዩ ያንብበው። እሱ ምላጩን ማንም አይነጥቀውም፤ ማንበብም ከአንተ በፊት ነው የሚያውቀው። አንተ ከኋላ ቁም፣ አፍህን ዝጋ።

ከዚህ በላይ ያለውን የጻፍኩት ትናንት ነው። ልቀደው ብዬ ነበር፤ ወረቀት ማባከን አልወድም። ዛሬ አንሶላ እያጠፍኩ ሳስበው፣ ጸጉር አስተካካዩ ካነበበው «ከየት አመጣኸው?» ይሉታል፣ ነገሩ ዞሮ አንተው ላይ ይመጣል። ደግሞ ዘጠኝ ጠዋት የቆመበት ማነው? አንተው አንብበው። ቢያባርሩህ እዚህ አንሶላ የሚያጥፍ ሰው ይፈልጋሉ። ለጉራ ግን አይከፍሉም።

ወረቀቱን አየሁ ብለህ ያን ሁሉ ስትጽፍ አንድ ነገር ዘለልክ። የአባባን ጣት አይተኸዋል? የትኛው ነው? እሱን ሳትጽፍልኝ ሌላ ጉራ እንዳትልክልኝ።

እህትህ


ታኅሣሥ 3 ቀን

እታለሜ፣

አልተባረርኩም። ይህን ያስቀደምኩት ወገብሽን አስቤ ነው።

ስብሰባው በእንግዶች መመገቢያ አዳራሽ ነበር። እንግዶቹ ከፊት፣ ሰፈርተኛው ከኋላ፣ እኔ በሩ አጠገብ ከነቦት ጫማዬ። ሥራ አስኪያጁ መዝገቡን ገለጠ፣ ትኬት ሻጯ እንዳለችው አንድ ቃል ሳይጎድል ተናገረ። «የማትጠቀሙበትን ለምን እናቆየዋለን?» ሲል ተነሣሁ። ጉልበቴ ቀድሞኝ ተንቋቋ፣ ሰው ሁሉ ዞረ።

«አንተ ሥራ ላይ አይደለህም እንዴ?» አለኝ።

«ጤዛው ረግፏል፣ ጌታዬ። ውሉ ይውረድና ይነበብ።»

«ውሉ የሚለውን ሰው ሁሉ ያውቃል።»

«እኔም ሳላነበው በፊት አውቀው ነበር» አልኩ።

ከኋላ ሳቁ። ሥራ አስኪያጁ ወረቀቱን የሚያወርድ ሰው በዓይኑ ሲፈልግ ትኬት ሻጯ ከወንበሯ ሥር አወጣችው። ከግድግዳው ነቅላ፣ መስታወቱን ወልውላ፣ ተዘጋጅታ ነው የመጣችው። «እኔ ላንብበው?» አለች ቀስ ብላ። «ዋ፣ እንዳታደርጊው» አልኳት።

አነበብኩት። ቤት ውስጥ ስንት ጊዜ ለምጄው ነበር፤ ሰው ፊት ግን ፊደሉ ሁሉ ቦታ ይቀያየራል። «በማናቸውም» ላይ ስደርስ ቆምኩ። «በማ» አልኩ፤ ደግሜ «በማ» አልኩ። ሥራ አስኪያጁ ሰዓቱን አየ። ያኔ ከኋላ፣ አንድ ወር ተኩል ያላናገረኝ ጸጉር አስተካካይ «ቀስ በል፣ ጤዛው አልረገፈም» አለኝ።

ከዚያ በኋላ ማን ይያዘኝ። እስከ ታች ወረድኩት። «አንዱ ወገን ብቻውን አይለውጠውም» የሚለውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ አንዱን ለውሉ፣ አንዱን ለራሴ።

ሥራ አስኪያጁ ተቀብሎኝ ራሱ አየው። የተማረ ሰው ነው፣ ግን እሱም እንደ እኔ ጣቱን እያስከተለ ነው ያነበበው። ከፊት የተቀመጠ አንድ ሽማግሌ እንግዳ «እኛ አሥር እጥፍ የምንከፍለው ሰፈርተኛው አብሮን እንዲጫወት ከሆነ፣ የታለ እስካሁን?» አለው። ሥራ አስኪያጁ መልስ ፈልጎ ወደ እኔ ተመለከተ። እኔም ወደ ጣሪያው። በመጨረሻ «ውል ውል ነው» አለ። «ከነገ ጀምሮ የነዋሪ ዋጋ ቀኑን ሙሉ። ልለውጥ የምፈልገው ነገር ካለ ሰብስቤ እጠይቃችኋለሁ።» ለእኔም በሥራ ሰዓት ስብሰባ በመግባቴ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጻፈልኝ። እታለሜ፣ ማንም ሳያነብልኝ ያነበብኩት የመጀመሪያ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ነው። «ለአቶ» ብሎ ነው የሚጀምረው። ግድግዳዬ ላይ ሰቅየዋለሁ።

በማግስቱ በጥንቱ ሰዓቴ፣ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ወጣሁ። ጸጉር አስተካካዩ ሦስተኛው ግሪን ላይ ነበር። ዘንጌን ሲያይ ሳያዘው እጁ ዱላውን ሊሰበስብ ጀመረ። እኔም ሳላዘው እግሬ ሊነዳው ተራመደ። ሁለታችንም ቆምን።

«ልትጠብቀኝ ነው?» አለኝ።

«ምታ» አልኩት።

መታ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የሰፈር ሰው ኳስ ሲመታ ከጀርባው እንጂ ከፊቱ አይቼ አላውቅም። ምላሱን እንደሚያወጣ አላውቅም ነበር። ከዚያ አብረን ሄድን፤ እሱ እየመታ፣ እኔ እያራገፍኩ። ስምንተኛውን አለፈ። ዘጠነኛው ላይ ሲደርስ ቆመና ዙሪያውን አየ። ዕድሜ ልኩን እዚህ ሰፈር ኖሮ እዚያ ደርሶ አያውቅም። «እዚህ ጋ ኩሬ አለ እንዴ?» አለኝ። «ከአባቶቻችን ጀምሮ አለ» አልኩት። ዐሥራ ስምንቱንም ጨረሰ። ኩሬው አራት ኳስ በላው፤ እሱ ግን ሁለት ነው ይላል፣ እኔም ሁለት ነው እላለሁ።

በዕረፍቴ ቀን እኔም የነዋሪ ዋጋ ከፍዬ ገባሁ። ትኬት ሻጯ ትኬቱን ስትቆርጥልኝ «ስምህን ከነማዕረጉ ጻፍ» አለችኝ። የመጀመሪያ ኳሴ ወዴት እንደሄደ አትጠይቂኝ። ጢሜን ግን ተላጭቻለሁ፣ በነዋሪ ዋጋ።

የአባባን ጣት ላልሽኝ፣ አይቼዋለሁ። ከሰባቱ ከግራ ሦስተኛው ነው። ማጭድ የቆረጠው ጠባሳ መሃሉን ሰንጥቆ በቀለሙ ውስጥ ነጭ ሆኖ ይታያል። አንብቤ ስጨርስ አዳራሹ እያየኝ በመስታወቱ ላይ ጣቴን ከጣቱ ገጠምኩት። ልክክ አለ።

ደብዳቤውን እዚህ ላይ ላሽገው ነበር። ከላይ የጻፍኩልሽ ሁሉ እውነት ነው፤ ካላመንሽ ጸጉር አስተካካዩ ይጽፍልሻል። አንዲት ነገር ብቻ ጨምሬያለሁ፤ ጠባሳዋን። ሰባቱንም ጣቶች እርጥበት በልቷቸዋል፣ አንዱ ከአንዱ አይለይም፣ ከበታቻቸው ስም አልተጻፈም። የትኛው የአባባ እንደሆነ ማወቅ አልቻልኩም፣ እታለሜ። ስለዚህ ሰባቱንም አንድ በአንድ ነካሁ።